የጀልባ ማኅበሩ ጥላ

የአቃቂ የትናንሽ ጀልባዎች ማኅበር ሦስት አባላት ነበሩት። ቀበሌው፣ ማንኛውም ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ሰፊ ሕዝብ ሊኖረው ይገባል ስላለ፣ ሦስቱ የባቡር ጡረተኞች ሥልጣኑን እዚያው ኩሬው ዳር ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ተከፋፈሉት። ቀናው ሊቀመንበር ሆነ። ተሰማ ጸሐፊ ሆነ። የቀረው ለሜሳ ነበርና እሱ ሰፊው ሕዝብ ሆነ።

«እኔ ታዲያ ሥራዬ ምንድን ነው?» ብሎ ነበር ለሜሳ ያን ዕለት።

«አንተማ ትደግፋለህ» አለው ተሰማ። «እኛ እንወስናለን፣ አንተ ታጨበጭባለህ።»

«ጀልባ በያዝኩበት እጄ?»

«አስቀምጠሃት ነዋ!»

ኩሬው የምድር ባቡሩ ንብረት ነበር። በባለጭሱ ባቡር ዘመን፣ ከጅቡቲ እያለከለከ የመጣው ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂ ላይ ቆሞ ከዚህ ውሃ ይጠጣ ነበር። ኋላ ናፍጣው መጣ። ናፍጣ ውሃ አይጠጣም፤ ኩሬው ሥራ ፈታ። ብዙም ሳይቆይ የፉርጎ አናጢው ቀናው፣ ትኬት ተቆጣጣሪው ተሰማና ባቡር ነጂው ለሜሳ ተራ በተራ ጡረታ ወጡና እነሱም ሥራ ፈቱ። ሥራ የፈታ ውሃና ሥራ የፈቱ ሽማግሌዎች መገናኘታቸው አይቀርም፤ ተገናኙ።

የጀልባውን ነገር ያመጣው ለሜሳ ነው። ኮዬ ከገበሬ ቤት የተወለደ፣ እስኪጎረምስ ድረስ ከአቃቂ ወንዝ የሰፋ ውሃ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ባቡር ነጂ ሆኖ ጅቡቲ ሲደርስ ያን ሁሉ ባሕር አየና አመመው። ጡረታ በወጣ በማግስቱ ከዘይት ቆርቆሮ አንዲት ጀልባ ቀጥቅጦ ሠራ፤ ከሥራ ካፖርቱ አንዱን እጅጌ ቆርጦ ሸራ አደረገላት፤ ስሟንም «ጅቡቲ» አላት። ቀናው ከአሮጌ የፉርጎ አግዳሚ ወንበር ቁርጥራጭ የራሱን ፈለፈለ። የተሰማ ቀይ ነበረች። «ለአብዮቱ ብዬ ነው» ይላል ለጠየቀው ሁሉ፤ ቀለሙ ግን ከባቡር ጣቢያው ምልክት የተረፈ ነበር፤ ጀልባዋም ውሃ በነካች ቁጥር ትገለበጥ ስለነበር ተሰማ ለማን ብሎ እንደቀባት መመርመር አደገኛ ነበር።

እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከኮዬ ሜዳ በኩል ሲነሣ ጀልባዎቹን ከወዲያኛው ዳር ይለቋቸዋል፤ ነፋሱ ወደዚህኛው ዳር ይነዳቸዋል፤ አንሥተው ኩሬውን ዞረው እንደገና ይለቋቸዋል። ሌላ የለውም። ሲያዩት ሥራ አይመስልም፤ ጉልበት ግን ይጨርሳል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ግን ሰፊው ሕዝብ ታመመ።

ደረቱን ነው። ያን ሁሉ ዘመን የዋጠው ጭስና ነፋስ ተጠራቅሞ ቆይቶ አንድ ላይ ሒሳቡን ጠየቀው። ጤና ጣቢያ ወስደውት «ነፋስ አይንካው» ተባለ። አደሴ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራው ልጁ፣ ቃሉን እንደ መድኃኒት ይዛ ቤት መጣች፤ አባቷን ጋቢ ጠቅልላ አልጋ ላይ አስተኛችው፤ በሩንም ዘጋች።

ቀናው ሊጠይቀው ሲሄድ ለሜሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አገኘው።

«መጣህ?» አለው ሳይዞር። «ና እስቲ፣ ይቺን እያት። ይቺ ስንጥቅ አቃቂ ናት። በዚህ ትወርድና... ይኸው ዱከም። ይኸው ሞጆ። ናዝሬት እዚች ዝንብ ያረፈችባት ላይ ናት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልስኑ ወድቋል። አዋሽ መድረስ አልተቻለም።»

ቀናው ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የጓደኛው ትከሻ በጋቢው ውስጥ እንደ ባዶ ኮርቻ ነበር። ከዚህ ግድግዳ ካልተነሣ ከዚሁ ግድግዳ ጋር እንደሚቀር ቀናው ያን ዕለት አወቀ።

በር ላይ አደሴ ያዘችው። እንደ አባቷ አጭር፣ እንደ አባቷም አንዴ የተናገረችውን የማታጥፍ ናት።

«ጋሼ ቀናው፣ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማየው። ግን አባዬን ወስደው እዚያ ነፋስ ላይ ከጎለቱብኝ ተጣላን።»

«ጥላ ቢሠራስ? ኩሬው ዳር፣ ደህና ጣሪያ ያለው?»

«ነፋስ የማይገባበት?»

«የማይገባበት።»

«እሱን ሠርተው ያሳዩኝና ደግፌ የማመጣው እኔ ነኝ» አለች። «እኔስ ደስ ብሎኝ ነው እንዴ ከግድግዳ ጋር ሲያወራ የምሰማው?»

እንዲህ ሆነና የጀልባ ማኅበሩ ለቀበሌው የጥላ ጥያቄ አቀረበ።

ጥያቄው በስብሰባ መወሰን ነበረበት። ቀበሌው ደግሞ ስብሰባ አያጣም፤ ያጣው ስብሰባው የሚያልቅበትን መንገድ ነው። የጀልባ ማኅበሩ አጀንዳ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይመደባል። መጨረሻው ላይ ሲደረስ ደግሞ ሰው ሁሉ ርቦት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ድምፁ ተዘግቶ፣ «በጊዜ እጥረት ምክንያት» ተብሎ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። በመስከረም ተላለፈ። በጥቅምት ሁለት ጊዜ ተላለፈ። ቀናው በየስብሰባው ከፊት ተቀምጦ ከጠዋት ጀምሮ ይሰማል፤ ስለ ስኳር ይሰማል፣ ስለ ቦይ ይሰማል፣ ስለ ዓለም ጭቁን ሕዝቦች ይሰማል። ሲመለስ በለሜሳ ቤት በኩል ያልፋል።

«ጥላው ከምን ደረሰ?»

«ተላለፈ።»

«የኛ ባቡር እንኳ እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም» ይላል ለሜሳ ለግድግዳው።

ኅዳር ሲገባ አንድ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው፤ ሰው ሲበዛበት ከወለሉ ያረጀ የስንዴ አቧራ ይነሣና ስብሰባው በሙሉ ያነጥሳል። ሊቀመንበሩ ጓድ ካሳሁን ክፉ ሰው አልነበረም። በፊት የመጋዘን ጠባቂ ነበር፤ አሁንም እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው፤ የተጨመረበት ንግግር ብቻ ነው። አጀንዳውን በእጅ ጽፎ የሚያቀርብለት ጸሐፊው ጉተማ ነው። የዚያን ዕለት የጉተማ ብዕር ቀለም እየጨረሰ ነበር። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ እየፋቀ፣ እየላሰ፣ እያራገፈ ነው የጨረሰው።

ጠዋት መሠረተ ትምህርት ተነሣ። ከዚያ ስኳር። ስኳሩ ቀትርን አሳለፈ። ከኋላ የተቀመጡት ግማሾቹ ተኝተዋል፤ ከፊት የተቀመጡት ዓይናቸውን ከፍተው መተኛት የለመዱ ናቸው።

«የመጨረሻው አጀንዳ» አለ ጓድ ካሳሁን። ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀው። አቀረበው። ወደ መስኮቱ አዞረው። «የጀልባ ማኅበሩ በተደጋጋሚ ያቀረበው... በኩሬው ዳር... የጠላ ቤት ግንባታ ጥያቄ።»

አንድ ነገር በአዳራሹ ውስጥ አለፈ።

«ምን አለ?» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

«ጠላ አለ!»

«የት?»

«ኩሬው ዳር!»

የተኛው ነቃ። የነቃው የጎረቤቱን ጎን ጎሸመ። ሲያነጥስ የዋለው ሁሉ ማነጠሱን ተወ። ዱጉማ የሚባል የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ በስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ፣ ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጓድ ሊቀመንበር! ሠርቶ አደሩ ከፈረቃ ሲወጣ ጉሮሮውን የሚያርስበት ቦታ የለውም። ቃሊቲ ድረስ ነው የሚሄደው። ሲመለስ መንገዱ ይጠፋዋል። ይህ የጀልባ ማኅበሩ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ይህ የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ነው!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው።

ቀናው ግን አላጨበጨበም። ሰፊው ሕዝብማ ቤቱ ተኝቶ ግድግዳ ላይ ሞጆን ይፈልጋል። ጥያቄውም «የጥላ ቤት» ነበር። የጉተማ ብዕር ነው፤ «ጥ»ን ከ«ጠ» የምትለየውን ያቺን ትንሽ ምልክት ሳያወጣት ቀርቷል። ቀናው እጁን አነሣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ትንሽ እርማት...»

«አጀንዳውን በመደገፍ ነው?»

«አይደለም፣ ፊደሏን ለማረም ነው። ፊደሏ...»

«ፊደልን የሚመለከተው አጀንዳ አልፏል» አለ ጓድ ካሳሁን። «መሠረተ ትምህርትን ጠዋት ተነጋግረን ጨርሰናል። ጓዶች፣ ወደ ኋላ አንመለስ!»

ሳቅ ሆነ። ቀናው ግን አልተቀመጠም። ተሰማ የካፖርቱን ጫፍ ይዞ ቁልቁል ጎተተው።

«ተቀመጥ አንተ ሰው!» አለ በጥርሱ መሃል።

«ጠላ እኮ ነው ያለው!»

«ሰምቻለሁ። ዕድሜ ልኬን በሐሰተኛ ትኬት የሚሳፈር ሰው ሳወርድ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ባቡሩ እየሄደ ነው፤ እኔም አላየሁም፤ አንተም አላየህም።»

«ውሸት ነዋ!»

«ጣሪያ ነው። ለሜሳ ጣሪያ ነው የሚፈልገው። ጣሪያ ጥላ ይሁን ጠላ ዝናብ አያሳልፍም።»

ቀናው ዓይኑን ጨፈነ። ሦስት ጊዜ ተላልፎ አራተኛው ላይ መድረሱን አሰበ፤ አምስተኛውን አሰበ፤ የለሜሳን ትከሻ አሰበ። ጉልበቱ ራሱ ወሰነና ተቀመጠ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሲወጡ ጉተማ በር ላይ ጠበቀው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ጋሼ፣ ጥላ ነበር አይደል?»

«ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጠላ ነው» አለ ቀናው። «ሂድ፣ ብዕርህን ቀለም ሙላ።»

ጥላ በነበረ ጊዜ ቆርቆሮ አልነበረም፣ እንጨት አልነበረም፣ ሰው አልነበረም። ጠላ ሲሆን ሁሉም ተገኘ። ቆርቆሮው ከቀበሌው ግምጃ ቤት ወጣ። ባሕር ዛፉን እነ ዱጉማ ከፈረቃ መልስ በትከሻቸው እየተሸከሙ አመጡት። ጭቃ የሚያቦኩት ሰዎች ከዚያ በፊት ለምንም ልማት ያልታዩ ናቸው። ቤቱን የምታስተዳድረው ወይዘሮ ብዙወርቅ ሆነች፤ ድሮ ከጣቢያው ጀርባ ጠላ ትሸጥ የነበረች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ በሕይወቷ ብዙ ሰካራም አይታ ማንንም የማትፈራ ሴት። ጋኖቿን ጣሪያው ሳይመታ አምጥታ ቦታ ያዘችላቸው።

ቀናው በየቀኑ ይሄድና ቆሞ ያያል። ምሰሶዎቹ ተተክለው ቆርቆሮው ሲመታ፣ በለሜሳ ቤት በኩል አልፎ «ጣሪያው ቆመ» አለው፤ ለሜሳም ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞረ። ከዚያም በአንደኛው ክንዱ ተደግፎ ተቀመጠ። ከአልጋው ሥር ጅቡቲን አወጣና ዝገቷን በጋቢው ጫፍ ይፈትግ ጀመር። አደሴ ጋቢው እንዳይቆሽሽ ብላ ጮኸችበት፤ ግን ጨርቅ ስታቀብለው ቀናው አያት።

ከዚያ ጓድ ካሳሁን ሥራውን ሊጎበኝ መጣ። ቤቱን ዞረ። በመንገዱ በኩል ያለውን በር አየ፤ ጥሩ ነው አለ። በኩሬው በኩል ዞሮ ለማየት የተተወውን፣ ገና መጋረጃ ያልተደረገለትን ክፍት ሲያይ ግን ደነገጠ።

«ይሄ ምንድን ነው? ሰው ጠጥቶ ሲወጣ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ሊገባ ነው? ማን ሊጠየቅ ነው?»

«በዚህ በኩል አይወጣም፣ ጓድ» አለ ቀናው። «በዚህ በኩል ማየት ብቻ ነው።»

«የሚያይ ሰው ይወጣል። ይዘጋ! እስከ ጣሪያው ድረስ በጭቃ ይመረግ።»

«ጓድ፣ ቤቱ እኮ የተሠራው ለጀልባ ነው።»

ጓድ ካሳሁን ትክ ብሎ አየው። እውነት ግራ ገብቶት ነበር።

«ታዲያ ጀልባ ይጠጣል?»

ግድግዳው ተመረገ። ኩሬውን ለማየት የተሠራው ቤት ኩሬውን የማያሳይ ብቸኛው ቤት ሆነ። ውስጡ ሲገባ ሞቃት ነው፤ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፤ አደሴ የጠየቀችው በሙሉ አለ። የሚታየው ግን ጭቃና ጋን ነው።

ቀናው ይህን ለለሜሳ እንዴት እንደሚነግረው መንገድ ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሄደ። በመጨረሻ እንዳለ ነገረው፤ ጥላ ጠላ እንደሆነ፣ ጠላው ግድግዳ እንዳመጣ። ለሜሳ ስለ ፊደሏ ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ ቆየ። ሲተነፍስ እንዲህ አለ፦

«ግድግዳማ ቤቴም አለ። ለዚያውም ሞጆ አለበት።»

ጅቡቲን አልጋው ሥር መለሳት። ፊቱንም አዞረ።

ቀናው ወደ ቤቱ ሄደ። የቀናው ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ አንድ መስኮት አላት። መስኮቷ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ መስኮት ነበረች። ያ ፉርጎ አርጅቶ ሲፈርስና ቀናው ጡረታ ሲወጣ አንድ ላይ ስለገጠመ፣ የአናጢ ክፍሉ ጓደኞቹ ለሌላው ጡረተኛ የግድግዳ ሰዓት እንደሚሰጡት ለእሱ መስኮቷን ነቅለው ሰጡት። መስታወቷ ወፍራም ነው። ክፈፏ ቀናው ራሱ በጎልማሳነቱ የላገው እንጨት ነው። ወደ ታች የምትወርድበት ባለ ቀዳዳ የቆዳ ማሰሪያ አላት፤ ከሥሯም «ወደ ውጭ መንጠልጠል ክልክል ነው» የሚል በፈረንሳይኛ የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በእሷ በኩል ገብታ አልጋው ላይ ትቀመጣለች። ቀናው ከእሷ ሌላ እንግዳ የለውም።

አልጋው ላይ ተቀምጦ ብዙ አያት። ከዚያ ተነሥቶ መዶሻና ጉጠት ፈለገ።

ስትነቀል ከጭቃው ጋር እያጉረመረመች ወጣች። በቀዳዳው ላይ የሻይ ሣጥን ጣውላ መታበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀናው ክፍል ጠዋትና ማታ አንድ ሆነ።

መስኮቷን ከተሰማ ጋር ተሸክመው ጠላ ቤቱ ሲደርሱ ብዙወርቅ ጋን ታጥን ነበር።

«ይሄን ወዴት ነው?»

«ግድግዳሽን ልበሳው ነው፣ ብዙዬ» አለ ቀናው። «አትቆጪኝ።»

ብዙወርቅ መስኮቷን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ የቀናውን ፊት አየች።

«ለዚያ ለታመመው ነው?»

«ለእሱ ነው።»

«ታዲያ ከፍ አድርገህ እንዳትሰቅላት። አጭር ሰው ነው።»

ቀናው ሲበሳ፣ ተሰማ ሲያስተካክል፣ ሲያጣምም፣ ሲሳደብ፣ መስኮቷ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ትክክል ገባች። ጭቃዋ ሳይደርቅ ወሬ ደረሰና ጓድ ካሳሁን መጣ።

«ይሄ መስኮት በውሳኔው ላይ የለም!»

«የኔ ነው ጥያቄው» አለች ብዙወርቅ ወገቧን ይዛ። «ጨለማ ውስጥ ጠላ የሚቀዳ ሌባ ነው። ጣሳው ውስጥ ዝንብ ይግባ ጌሾ ይግባ በምን ልይ? ሕዝብ ዝንብ ይጠጣ ነው የሚሉት?»

«አላልኩም! ግን ሰካራም በመስኮት ቢወጣስ?»

ተሰማ ጎንበስ ብሎ በጣቱ የብረት ሰሌዳዋን አንኳኳ።

«ክልክል ነው፣ ጓድ። ይኸው ተጽፏል።»

ጓድ ካሳሁን አጎንብሶ አየው። «በምን ቋንቋ ነው?»

«በባቡር።»

ጓድ ካሳሁን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላም ሌላ አለበት። ብዙወርቅ አንድ ጣሳ ቀዳችለት። በመስኮቱ በኩል ኩሬውን እያየ ጠጣው፤ ጣሳውን መለሰላትና ሄደ። በቀበሌው ታሪክ ሳይጨበጨብለት የጸደቀ ብቸኛው ነገር ያ መስኮት ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አደሴ አባቷን ደግፋ መጣች። ጋቢው ውስጥ የሚታየው አፍንጫውና ጅቡቲ ብቻ ነበሩ። የጠዋቱ ፈረቃ ሠራተኞች ጠላ ቤቱን ሞልተውታል፤ ቤቱን «ወደብ» ብለው ሰይመውት «ወደብ እንገናኝ» ይባባላሉ። መስኮቷ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ዱጉማ ተዘርግቶ ተቀምጧል።

«ተነሥ» አለችው ብዙወርቅ።

«ለምን? እኔ እኮ ነኝ ያጸደቅኩት!»

«ሰፊው ሕዝብ መጣ፤ ተነሥ።»

ዱጉማ ጋቢውንና ከጋቢው የወጣውን አፍንጫ አየና ጣሳውን ይዞ ተነሣ። አደሴ በእጇ የመስኮቷን ዙሪያ ዳሰሰች፤ ነፋስ የሚገባበትን ፈለገች፤ አላገኘችም። አባቷን አስቀመጠችው። ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበችለት። «እዚህ ነኝ» ብላ ከብዙወርቅ ጎን ሄዳ ቆመች።

ለሜሳ መስኮቷን አየ። የቆዳ ማሰሪያውን ነካ። ክፈፏ ላይ እጁን አሳረፈ።

«ይቺ የሦስተኛ ማዕረግ ናት» አለ። ከዚያ ዞሮ ቀናውን አየው። የቀናውን ቤት ያውቃል። «አንተ ታዲያ...»

«ዝም በል» አለው ቀናው። «ፀሐይዋ እንቅልፍ ትነሣኝ ነበር።»

ለሜሳ ወደ መስኮቷ ዞረ። «ያን ሁሉ ዘመን ሰው ስጭን ኖሬ ተጭኜ አላውቅም» አለ። «መስኮት ጋ በሚቀመጡት እቀና ነበር እንጂ ምን እንደሚያዩ አላውቅም።»

ተሰማ እጁን ዘረጋ። «ትኬት!»

«ጡረተኛ ነኝ።»

«እሺ፣ ለዛሬ ይለፍ።»

ቀናው ጅቡቲን ከጓደኛው እጅ ተቀበለና ወጣ። ነፋሱ ከኮዬ ሜዳ በኩል ተነሥቷል፤ ካፖርቱን ቆለፈ። ጀልባ ከወዲያኛው ዳር ነው የሚለቀቀው፤ ወዲያኛው ዳር ለመድረስ ኩሬውን መዞር አለበት። ጭቃ ነበር፣ ድንጋይ ነበር፣ ጉልበቱ ነበር። ደርሶ አጎንብሶ ሲለቃት ጅቡቲ ሁለት ጊዜ በራሷ ላይ ዞረች፤ ከዚያ የካፖርት እጅጌዋ ነፋስ ያዘና ጠላ ቤቱን፣ መስኮቷን፣ ከመስኮቷ ኋላ ያለውን አፍንጫ እያየች ሄደች። መሃል ላይ ቄጠማ ያዛትና ቆመች። ቀናው እዚያው ሆኖ እፍ አለባት፤ እንደማይደርስ ያውቃል። ኋላ ራሷ ተፈታች።

በዚያ ሰዓት ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር እያፏጨ በጣቢያው በኩል አለፈ። ቀናው ቀና ብሎ አላየውም። ቁልቁል፣ እግሩን እያየ፣ ኩሬውን መልሶ ዞረ።

ሲገባ ለሜሳ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ከአፍንጫው ሥር መስታወቱ ላይ ክብ እንፋሎት አለ፤ ሲተነፍስ ይሰፋል፣ ሲስብ ይጠባል። ጅቡቲ ከመስኮቷ ሥር ዳር ላይ ደርሳ ጭቃ ስትስም ትታያለች።

«ሰፊው ሕዝብ ተኝቷል» አለ ተሰማ በሹክሹክታ። «ያን ሁሉ ዞረህ በከንቱ።»

«ተወው ይተኛ» አለ ቀናው። «ሞጆ ስንደርስ እንቀሰቅሰዋለን።» ግን ቅር ብሎት ነበር። ወንበር ፈልጎ ቁልቁል መቀመጥ ሲጀምር ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ዘግይታለች።»

ቀናው በግማሽ እንደተቀመጠ ቆመ።

«ምን?»

«ጅቡቲ» አለ ለሜሳ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዘግይታለች። መሃል ላይ ቆማ ነበር። ከባቡሩ ቀድማ መግባት ነበረባት።»

«ቄጠማ ይዟት ነው እንጂ!»

«ምክንያት አትደርድር። መልሰህ ልቀቃት።»

አደሴ ከጋኑ ጎን ሆና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ተሰማ ማጨብጨብ ጀመረ፤ የወደቡ ሰዎች ለምን እንደሚያጨበጭቡ ሳያውቁ ተከተሉት፤ ዱጉማ ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ።

ቀናው ጉልበቱን ይዞ ቀና አለ። «ይህን ያህል ከሰው ጋር የሚጣላ ሕዝብ አይቼ አላውቅም» እያለ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ጀልባዋን ከጭቃው አነሣት፤ ጭቃዋን በካፖርቱ ጠረጋት፤ ብብቱ ሥር አደረጋት። ወዲያኛው ዳር ሩቅ ነበር። መስታወቱ ከኋላው ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ፤ ቶሎ በል ነው።

ኩሬውን መዞር ጀመረ።